ኳርክን ከፕሮቶን ጎትቶ ማውጣት የማይቻለው ለምንድን ነው? የሱፐርኮንዳክተር አዙሪትስ ምን ያስረዳል?

ጥያቄ፦ «ጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፕሮቶን ከሦስት ኳርኮች እንደተሠራና ኳርክ ብቻውን ሆኖ ታይቶ እንደማያውቅ ሳስረዳ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ‹ለምን ብቻውን አይወጣም?› አለኝ። ‹የሚያስራቸው ኃይል በጣም ጠንካራ ስለሆነ ነው› ስለው ‹ታዲያ ከእሱ የበረታ ኃይል እንጠቀማ!› ብሎ አፌን አስያዘኝ። በኋላ ሳነብ ነገሩ ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ከሚፈጠር የመግነጢስ አዙሪት ጋር እንደሚዛመድ አየሁ። ይህ እውነተኛ ፊዚክስ ነው ወይስ ለማስረዳት የተበጀ ምሳሌ? እዚሁ ጅማ ሆነን ለተማሪዎች ልናሳየው የምንችለው ነገርስ ይኖራል?»

ምላሽ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ ትክክለኛውን ቀዳዳ ነው ያገኘው። «ኃይሉ ጠንካራ ስለሆነ» የሚለው መልስ በብዙ መማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ ቢሆንም ጥያቄውን አይመልስም። ኤሌክትሮንን ከሃይድሮጅን አቶም ለመንቀል 13.6 ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል፤ ያንን ከከፈሉ ኤሌክትሮኑ ይወጣል፣ ነገሩም ያልቃል። ኃይሉ በሚሊዮን እጥፍ ቢበረታ እንኳ ክፍያው በሚሊዮን እጥፍ ይወደድ እንደሆነ ነው እንጂ መጨረሻ አያጣም። የኳርክን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ኃይሉ ከርቀት ጋር የማይደክም መሆኑ ነው። ሱፐርኮንዳክተሩ የሚገባውም እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ተማሪዎችዎ ከሚያውቁት ከጋውስ ሕግ ልጀምረው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚወጡ የመስክ መስመሮች በሁሉም አቅጣጫ ይበተናሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚያቋርጡት የሉል ገጽ አራት እጥፍ ስለሚሰፋ መስኩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ኃይሉ በዚህ ፍጥነት ስለሚደክምም ሁለት ቻርጆችን እስከ ወዲያኛው ለመለያየት የሚወጣው ኢነርጂ ተደምሮ ውሱን ይሆናል። አሁን ግን እነዚያ መስመሮች መበተን ተከልክለው ከአንደኛው ቻርጅ ወደ ሌላኛው በሚሄድ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ታጭቀዋል እንበል። ቱቦው ቢረዝም ውፍረቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ በውስጡ ያለው መስክም፣ የሚጎትተው ኃይልም አይለወጡም፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ እርምጃ ያው ክፍያ ይጠየቃል፣ ጠቅላላው ኢነርጂም ከርዝመቱ ጋር ያለ ወሰን ያድጋል። በኳርኮች መካከል ያለው ይህ ነው። በአንድ ፌምቶሜትር፣ ማለትም በአንድ ሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ፣ የሚከፈለው ኢነርጂ ወደ 1 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ይጠጋል፤ ይህን ወደ ኃይል ስንመልሰው 160,000 ኒውተን ገደማ ይሆናል። በጅማ መለኪያ 160 ኩንታል ቡና ተንጠልጥሎ የሚጎትተው ያህል ነው፤ የሚጎተተው ግን ከአንድ ፕሮቶን ያነሰ ነገር ነው።

መስክን ጨምቆ ቱቦ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይህን በዓይናችን የምናውቅበት አንድ ቁስ አለ፤ ሱፐርኮንዳክተር። ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 ላይደን ከተማ ውስጥ ሜርኩሪን ወደ 4.2 ኬልቪን ሲያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ድንገት እንደጠፋ አየ። ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ማይስነርና ኦክሰንፌልድ በ1933 ያገኙት ነው፤ ቁሱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረውን መግነጢሳዊ መስክ ወደ ውጭ ይገፋል። በቁሱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁሉም በአንድ ሞገድ ይጓዛሉ፤ መስክ ሊገባ ሲል እነዚህ ጥንዶች በገጹ ላይ እየዞሩ የሚከላከል ጅረት ይፈጥራሉ።

መስኩ ሲበረታስ? እንደ እርሳስ ያሉ ዓይነት አንድ የሚባሉት ሱፐርኮንዳክተሮች እስከ ወሰናቸው ችለው ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሸነፋሉ። ዓይነት ሁለት የሚባሉት ግን ይደራደራሉ፦ መስኩ በቀጫጭን ክሮች እየተሰነጠቀ እንዲያልፍ ይፈቅዳሉ፤ በእያንዳንዱ ክር ዙሪያም ጅረት ይሽከረከራል። አዙሪት የምንለው ይህ ነው። ሁለት ርዝመቶች ይገዙታል። አንደኛው መስኩ ከክሩ መሃል ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚዘልቅ ይናገራል፤ ሁለተኛው የጥንዶቹ ብዛት ምን ያህል ቦታ ውስጥ ወርዶ ማገገም እንደሚችል። ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን ባሉበት ሴራሚክ ውስጥ የመጀመሪያው 150 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ሁለተኛው 2 ናኖሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ አዙሪቱ ቀጭን እምብርትና ሰፊ ቀሚስ ያለው ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ከ0.71 ገደማ ካለፈ ቁሱ ዓይነት ሁለት ነው። ይህ ቁጥር በ1950 ጊንዝበርግና ላንዳው ከጻፉት እኩልታ የወጣ ሲሆን አዙሪቶቹን ከዚያው እኩልታ ያወጣው አሌክሲ አብሪኮሶቭ ነው። ራሱ በኖቤል ንግግሩ እንደተናገረው፣ ሥራውን በ1953 ቢጨርስም ላንዳው ስላልተቀበለለት በመሳቢያው አስቀመጠው፤ ፋይንማን በሚሽከረከር ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ስለሚፈጠሩ አዙሪቶች ከጻፈ በኋላ ነው ላንዳው የተመለሰለትና ጽሑፉ በ1957 የታተመው። ኖቤሉ በ2003 መጣ።

አዙሪቱ የሚሸከመው የመስክ መጠን እንደፈለገ የሚበዛና የሚያንስ አይደለም። በክሩ ዙሪያ የጥንዶቹን ሞገድ ተከትለን አንድ ዙር ዞረን ስንመለስ ሞገዱ ከራሱ ጋር መግጠም ስላለበት፣ የሚያልፈው ፍሉክስ (ጠቅላላው የመስክ መጠን) የአንድ ቋሚ መጠን ሙሉ ብዜት ይሆናል፤ ያም 2.07 × 10⁻¹⁵ ዌበር ነው። በ1961 አሜሪካና ጀርመን ውስጥ ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው ሲለኩት የተገኘው ዋጋ ከአንድ ኤሌክትሮን ሳይሆን ከሁለት ቻርጅ ጋር የተስማማ መሆኑ ለጥንዶቹ መኖር ግልጽ ማስረጃ ሆነ። ተማሪዎችዎ በቀላሉ የሚያሰሉት ነገር እነሆ፦ በአገራችን የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ 35 ማይክሮቴስላ ሲሆን ከመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ስለሆንን የሚሄደው አግድም ማለት ይቻላል። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ሳህን አቁመን ፊቱን ወደ ሰሜን አዙረን ብናቀዘቅዘውና መስኩ ሁሉ ውስጡ ቢቀር፣ 1.7 ሚሊዮን ገደማ አዙሪቶች ይያዛሉ። በ1967 ኤስማንና ትሮይብለ የመግነጢሳዊ ብረት ደቂቅ ብናኝ በቀዘቀዘ የእርሳስና የኢንዲየም ቅይጥ ላይ አስቀምጠው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ብናኙ በእያንዳንዱ አዙሪት አናት ላይ ተጠራቅሞ የሦስት ማዕዘን መደዳ ሠርቶ ተገኘ። ስለዚህ በሱፐርኮንዳክተር በኩል ስለ እውነትነቱ የሚከራከር የለም።

አሁን ወደ ፕሮቶን እንሻገር። እስኪ መግነጢሳዊ ነጠላ ዋልታ፣ ማለትም ደቡብ የሌለው ሰሜን፣ ቢገኝና ከተቃራኒው ጋር ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይሆናል ብለን እንጠይቅ። እንዲህ ያለ ቅንጣት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ግን ቢኖር፣ ከእሱ የሚወጣው መስክ መበተን ስለማይችል በሁለቱ ዋልታዎች መካከል የአብሪኮሶቭ ቱቦ ይዘረጋል፤ ሲጎትቷቸውም ኃይሉ አይደክምም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ናምቡ፣ ማንደልስታምና ት ሆፍት ያቀረቡት ሐሳብ ይህንኑ መገልበጥ ነው። በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ የኤሌክትሪክ ቻርጆች ተሰባስበው መግነጢሳዊውን መስክ ይጨምቃሉ፤ ባዶ ነው በምንለው ሕዋ ውስጥ ደግሞ ኳርኮችን የሚያስረው «ጠንካራው ኃይል» የመግነጢስ ወገን የሆነ ነገር ተሰባስቦ የኤሌክትሪክ ወገን የሆነውን፣ «ቀለም» የሚባለውን የኳርኮች ቻርጅ መስክ፣ ይጨምቃል። በዚህ አነጋገር ኳርክ የሚኖርበት ሕዋ ራሱ የተገለበጠ ሱፐርኮንዳክተር ነው።

«እውነተኛ ፊዚክስ ነው ወይስ ምሳሌ?» ላሉት መልሴ ከሁለቱ መካከል ያርፋል፤ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን በትክክል መናገር ይቻላል። ቱቦው ራሱ ምሳሌ አይደለም። ኬኔት ዊልሰን በ1974 ባስጀመረው ዘዴ ሕዋንና ጊዜን እንደ መረብ ቆራርሰው በትልልቅ ኮምፒውተሮች ሲያሰሉ፣ በሁለት ከባድ ኳርኮች መካከል ያለው ኢነርጂ በቅርብ ርቀት እንደ ኩሎምብ ሆኖ ሲርቅ ከርዝመቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ መስኩም በመካከላቸው ታጭቆ ይታያል። ምሳሌነት ያለው «ማን ጨመቀው?» በሚለው ላይ ነው። የተሰባሰበው ነገር ነጠላ ዋልታ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ ዓይነት አዙሪት ነው የሚሉም አሉ፤ ከእኩልታዎቹ ተነሥቶ በብዕርና በወረቀት ያረጋገጠ ግን የለም። ከዚህ ጋር የተሳሰረው፣ የእንዲህ ያሉ ኃይሎችን እኩልታዎች የሚመለከተው የያንግና ሚልስ ጥያቄ በ2000 የክሌይ ተቋም አንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከመደበላቸው ሰባት የሒሳብ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ደግሞም የሱፐርኮንዳክተሩ መስክ ራሱ ቻርጅ የለውም፤ የጠንካራው ኃይል ተሸካሚዎች የሆኑት ግሉዎኖች ግን ራሳቸው ቀለም አላቸው፤ በፕሮቶን ውስጥም ሦስት ኳርኮች ስላሉ ቱቦው ሦስት ክንድ ያለው እንጂ ቀጥ ያለ ክር አይሆንም። እኔ ለተማሪ ሳስረዳ «ቱቦው ያው፣ ጨማቂው ተመሳሳይ ሊሆን የሚችል» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ መሄድ ማጋነን ይመስለኛል።

ወደ ተማሪዎ ክርክር ስመለስ፣ የበረታ ኃይል ብንጠቀም የሚሆነው ታይቷል። ቱቦው ከ1 ፌምቶሜትር ትንሽ አልፎ ሲለጠጥ በውስጡ የተጠራቀመው ኢነርጂ አዲስ ኳርክና ፀረ-ኳርክ ለመውለድ ይበቃል፤ ቱቦው ይበጠሳል፣ በተበጠሰበት ጫፍ ግን አዲሶቹ ተተክለው ይገኛሉ። ማግኔትን ለሁለት ሰብሮ ነጠላ ዋልታ ለማግኘት እንደሞከረ ልጅ፣ በእጃችን የሚቀሩት ሁለት ሙሉ ቅንጣቶች ናቸው። የበለጠ ብንጎትት ብዙ እንወልዳለን። በግዙፍ ማፋጠኛዎች ውስጥ ከግጭት በኋላ የሚታዩት የቅንጣት ፍንጥቅጣቂዎች ከዚህ የመጡ ናቸው።

ስለ ፕሮቶን ስናነሣ «ሦስት ኳርኮች» የሚለውም ለክፍል የተመጠነ አነጋገር መሆኑን ማስታወስ ጥሩ ነው። በ1968 ስታንፎርድ በሚገኘው ማፋጠኛ ኤሌክትሮኖች ፕሮቶንን ዘልቀው ሲመቱ ከውስጡ ጠንካራ ነጥብ ያገኙ ያህል ተስፈንጥረው ወጡ፤ ኳርኮች እውን መሆናቸው የታወቀው እንዲህ ነው። ነገር ግን የሦስቱ ኳርኮች ክብደት ቢደመር ወደ 9 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ የፕሮቶኑ ደግሞ 938። ከመቶ አንድ ማለት ነው። የቀረው ዘጠና ዘጠኝ የታጨቀው መስክና የታሰሩት ኳርኮች እንቅስቃሴ ኢነርጂ ነው፤ እርስዎም እኔም ሚዛን ላይ ስንወጣ የምንመዝነው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ለዚህ ክብደት አመጣጥ መንገድ የከፈተውም ያው ናምቡ ሲሆን፣ በ1961 ከዮና-ላሲኒዮ ጋር የጻፈው በሱፐርኮንዳክተር ጥንዶች ንድፈ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የፕሮቶኑ እሽክርክሪትም (ስፒን) ቢሆን ቀላል አልሆነም፤ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተደረገው መለኪያ ኳርኮቹ የሚያዋጡት ጥቂት መሆኑን አሳየ፤ ዛሬ አንድ ሦስተኛ አካባቢ እንደሆነ ይታወቃል።

ሁለቱን ዘርፎች በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በብረትና በሽቦ የሚያስተሳስር ሌላ ነገርም አለ፤ እኔ አዙሪትን ሳጠና ከሁሉ የወደድኩትም ይህንን ነው። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው የጀፈርሰን ላቦራቶሪ ኤሌክትሮኖች የፕሮቶንን ውስጥ ለማየት የሚፋጠኑት 2 ኬልቪን ላይ በሚሠሩ የኒዮቢየም ሳጥኖች ነው። ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ የምድር መስክ አዙሪት ሆኖ ግድግዳው ውስጥ ከተያዘ፣ ኤሌክትሮኖቹን በሚያፋጥነው የሬዲዮ ሞገድ እየተወዛወዘ ሙቀት ያመነጫል፤ ያችን ሙቀት በፈሳሽ ሂሊየም ለማውጣት ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይባክናል። ስለዚህ ሳጥኖቹ በመግነጢሳዊ መከለያ ይጠቀለላሉ። ማግኔት የሚሠራ መሐንዲስ ግን በተቃራኒው ይጸልያል። በማግኔቱ የሽቦ ጥቅልል ውስጥ አዙሪቶች መኖራቸው አይቀርም፤ ጅረቱ ሲገፋቸው ከተንቀሳቀሱ ተቃውሞ ይመጣል፤ ስለዚህ ሽቦው የሚሠራበት የኒዮቢየምና የታይታኒየም ቅይጥ ሆን ተብሎ እንከን እንዲኖረው ተደርጎ ይሳባል፤ አዙሪቱም በእንከኑ ላይ ይቸነከራል። በክረምት የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ ከድንጋይ ኋላ የምትሽከረከረው አዙሪት ውኃው እየሄደ እሷ እዚያው እንደምትቀር ማለት ነው። በሰርን ትልቁ ማፋጠኛ ውስጥ ያሉት 1,232 ዋና ማግኔቶች እስከ 8.3 ቴስላ መስክ የተነደፉት በዚህ መቸንከር ተማምነው ነው።

እዚህ ጅማ ምን እናሳይ ላሉት፣ መቸንከሩን በእጅ ማስዳሰስ ይቻላል። የሚያስፈልገው ከላይ የጠቀስኩት ሴራሚክ የተሠራበት ትንሽ ዲስክ፣ ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔትና ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ቁሱ 92 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ስለሚሆን የናይትሮጅኑ 77 ኬልቪን ይበቃዋል። ናይትሮጅኑ ከሚመስለው የቀረበ ነው፤ የከብት አዳቃይ ቴክኒሻኖች ዘሩን የሚያቆዩት በእሱ ስለሆነ በደንብ ከተነጋገሩ አንድ ሁለት ሊትር ማግኘት አይከብድም። መያዣውን አጥብቀው እንዳይከድኑት፣ መስኮት እንዲከፍቱና መነጽር እንዲያደርጉ አደራ። መጀመሪያ ዲስኩን ብቻውን አቀዝቅዘው ማግኔቱን ሲያቀርቡ ይገፋዎታል። ከዚያ ዲስኩን ያሙቁትና አሁን ማግኔቱን በስስ ካርቶን ላይ ከላዩ አድርገው እንደገና ያቀዝቅዙት፤ ካርቶኑን ሲያወጡ ማግኔቱ በአየር ላይ ይቀራል፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይመለሳል፤ ዲስኩን በፕላስቲክ መቆንጠጫ ቢገለብጡት እንኳ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጣትዎ ላይ የሚሰማው ያ መጎተት የተቸነከሩት አዙሪቶች ሥራ ነው። ስለ ዲስኩ አንድ ነገር ልንገርዎት፦ ይህ ሴራሚክ እርጥበት ጠላቱ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን በወረቀት ጠቅልዬ ክረምቱን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ትቼው በመስከረም ሳወጣው ፊቱ እንደ ዱቄት ነጭ ሽፋን አውጥቶ ነበር፤ ናይትሮጅን ባፈስበትም ማግኔቱን ማንሣት አቃተው። የጅማን ዝናብ ንቄ የሠራሁት ስሕተት ነው። አሁን የማስቀምጠው ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ነው።

ይህ ትዕይንት የማያሳየውም አለ፤ በሁለት ጫፍ መካከል የተወጠረና ኃይሉ የማይደክም አንድ ቱቦ አያሳይም፤ ማግኔቱ ሲርቅ መጎተቱ ይደክማል። እሱን በጋውስ ሕግ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ይሻላል።

ናይትሮጅኑ ተኖ ሲያልቅ ግን ክፍሉን አያሰናብቱ። ተማሪዎ «የበረታ ኃይል» ያለውን ለመመለስ የሚረዳው ነገር የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ቱቦን በመጎተት ማሸነፍ አይቻልም፤ መስኩን ጨምቆ ቱቦውን የፈጠረውን ነገር በማሞቅ ግን ይቻላል። የኳርኮቹ ሕዋ ወደ 1.8 ትሪሊዮን ኬልቪን፣ ማለትም ከፀሐይ እምብርት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሲሞቅ ጨማቂው ይደክማል፤ ኳርኮችና ግሉዎኖችም ከየፕሮቶናቸው ተፈትተው በአንድ ሾርባ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ አሜሪካ ባለው የብሩክሄቨን ላቦራቶሪና በሰርን ከባድ አቶሞችን በማጋጨት የሚደረግ ነው፤ ሾርባው ግን በቅጽበት ይቀዘቅዝና ኳርኮቹ ተመልሰው ይታሰራሉ፤ ብቻውን የቆመ ኳርክ ያኔም አይታይም። ልዩነቱን አይርሱ፤ በዚያ ሙቀት ያለው ለውጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ሲሆን የሱፐርኮንዳክተሩ ግን ስለታም ወሰን አለው። ዲስኩ 92 ኬልቪንን ሲያልፍ ጥንዶቹ ይበታተናሉ፣ አዙሪቶቹም መልክ ያጣሉ፤ ማግኔቱም ማንም ሳይነካው ዘንበል ይልና ዲስኩ ላይ ቁጭ ይላል።